«9 ኪሎ ቀንሼ 11 መለስኩ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ። በክረምት ስለ ጨጓራና ስለ ልጆች ሳል የሚጠይቁኝ አንባቢያን፣ የካቲት ሲገባ ስለ ውፍረት ይጠይቁኛል። ከዚህ ወር ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ላለፉት 24 ዓመታት የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎችን በነርስነት ስከታተል በየሳምንቱ የምሰማው ጥያቄ ይኸው ነውና።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ ዕድሜዬ 41 ነው። ባንክ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ለምሳ ካልሆነ በስተቀር ቀኑን ሙሉ ከወንበር አልነሳም። ቤቴ ኮተቤ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የእኔም የደም ግፊት ባለፈው ምርመራ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ዓምና ለእህቴ ሠርግ ብዬ ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ እየጠጣሁ፣ ማታ ሰላጣ ብቻ እየበላሁ በሁለት ወር 9 ኪሎ ቀነስኩ። ሠርጉ ባለፈ በአምስት ወር ውስጥ 11 ኪሎ መለስኩ። ይበልጥ የሚገርመኝ ሥጋና ቅቤ በማልነካበት በጾም ወቅት መጨመሬ ነው። ቤት ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴና የ16 ዓመት ልጃችን ነን። ትንሽ ከበላሁ አማቴ ይከፋቸዋል። መቀነስ አላቃተኝም፤ ያቃተኝ የቀነስኩትን ማቆየት ነው። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽን የወቀስሽባቸውን መስመሮች እዚህ አላወጣኋቸውም፤ አይገቡሽምና። ሁለት ወር ሙሉ ራብን ችሎ 9 ኪሎ የቀነሰ ሰው ሰነፍ አይባልም። የሆነው ሌላ ነው። ሰውነትሽ ሠርግ አያውቅም፤ ራብ የገባ መስሎት ነው። የሰውነት ስብ ሲቀንስ፣ ስቡ ለአንጎል «በቂ ስንቅ አለ» እያለ የሚልከው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞንም ይቀንሳል። ይህ ሆርሞን የታወቀው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። መልእክቱ ሲሳሳ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ሰውነትም ጉልበቱን መቆጠብ ይጀምራል። ክብደቱ በፍጥነትና በራብ ከወረደ ደግሞ ከስብ ጋር ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሠርጉ አልፎ ወደ ድሮው አበላል ስትመለሺ፣ የጠበቀሽ ከበፊቱ ይልቅ የተራበና ከበፊቱ ያነሰ የሚያቃጥል ሰውነት ነው። ሎሚው በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ሥራ አልነበረውም፤ ስብ አያቀልጥም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ረቡዕ ጠዋት ከእንቅልፍሽ ስትነሺ «ዛሬ ልጹም ወይስ ልተወው?» ብለሽ ከራስሽ ጋር ትመክሪያለሽ? አትመክሪም። ነገሩ አንቺ ከመወለድሽ በፊት ተወስኗል። ቀኑ ይታወቃል፣ ሥርዓቱ ለሕፃንም ግልጽ ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮሽ ይውላል፤ በምሳ ሰዓት ማንም ጥብስ አያቀርብልሽም። ሎሚውንና ሰላጣውን ግን በየዕለቱ፣ ለብቻሽ፣ ራብ እያዞረሽ እንደ አዲስ ትወስኚው ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ ለሁለት ወር ይቻላል፤ ለሁለት ዓመት ግን የሚችለው የለም።

በስሕተት እንዳትረጂኝ ልናገር፤ ጹሚና ክሺ ማለቴ አይደለም። ጾም የነፍስ ነው፤ የቦርጭ ማጥፊያ ሲደረግ ስሰማ ያመኛል። የምልሽ እንዲህ ነው፦ አንድን ነገር ሳይመክሩ ዕድሜ ልክ ማድረግ እንዴት እንደሚቻል አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ሦስት ነገሮችን በዚያው መንገድ እናስይዛቸው፤ ዘይት፣ ስኳርና እግር። ከሦስት በላይ አልጨምርብሽም።

ከዘይቱ ልጀምር፤ በጾም ለምን እንደምትጨምሪ የሚነግረን እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ ስንነጋገር ባለ 5 ሊትር ዘይት በጾም ስንት ጊዜ እንደሚያቆያችሁ ጠየቅኩሽ፤ «ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው» አልሽኝ። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽና አብረን እናስላው። 5 ሊትር ለ21 ቀንና ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 60 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። ይህ አራት የሾርባ ማንኪያ ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ስላለው፣ ከዘይት ብቻ በቀን ወደ 500 ኪሎ ካሎሪ ትወስጃለሽ ማለት ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንች ወጡ፣ ከቢሮ በር ላይ የምትገዢው ሳምቡሳ ሁሉም የጾም ነው፤ ሁሉም ግን ዘይት የጠጣ ነው። ቅቤው ቀረ እንጂ ስቡ አልቀረም።

እኔ ቤት የተደረገውን ልንገርሽ። እናቴ በስኳር በሽታ ምክንያት ሁለት የእግር ጣቶቿን ባጣች በዓመቱ፣ የእኔም ስኳር ከፍ ማለት ጀምሮ ተገኘ። የዚያን ቅዳሜ የአንድ ሊትር የውሃ ጠርሙስ አጥቤ አደረቅኩ፤ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ሦስት አራተኛው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ዘይቱን ከትልቁ ጀሪካን እስከ ፕላስተሩ ቀዳሁና ጀሪካኑን ከመደርደሪያው ላይኛው ጫፍ፣ በርጩማ ካልተወጣ ወደማይደረስበት ቦታ ሰቀልኩት። ከዚያ ቅዳሜ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ የቤታችን ዘይት ያ ብቻ ሆነ። እኛም አራት ነን። በመጀመሪያው ሳምንት ሐሙስ ማታ ጠርሙሱ ባዶ ሆነ። አርብ ምስሩን ቀቅዬ በሰናፍጭ፣ በሎሚና በቃሪያ አዚፋ አደረግኩት፤ ልጆቹ ሳህኑን በእንጀራ ጠርገው በሉ። በሁለተኛው ሳምንት አበሳሰሌ ተለወጠ። ዘይት ቀድሜ ማፍሰሱን ትቼ ሽንኩርቱን እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በደረቁ አቁላላ ጀመር፤ እሳቱን ቀንሼ፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረግኩ፣ ዘይቱን መጨረሻ ላይ በማንኪያ። በሦስተኛው ወር ቅዳሜ ጠዋት ጠርሙሱን ሳነሣው ሁለት ጣት ያህል ተርፎ አገኘሁት።

750 ሚሊ ሊትር ለአራት ሰው ለሳምንት ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። አሁን በጾም ከምትወስጂው ጋር ሲነጻጸር በቀን ከ250 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይቀንስልሻል፤ ለዚህም አንድም ቀን አትራቢም። እዚህ ላይ ወሳኙ የቅዳሜዋ ጥቂት ደቂቃ ናት። ማክሰኞ ማታ ደክሞሽ ድስት ስትጥጂ የምትወስኚው ነገር የለም፤ ቅዳሜ ወስነሽዋል።

ስኳሩ ቀላል ነው። በቢሮ ሁለት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ፣ አንድ ማኪያቶ በሁለት፣ ማታ ቤት አቦልና ቶና በአንድ አንድ ማንኪያ ብለሽኛል። ድምሩ አሥር ማንኪያ፣ ከ40 ግራም የማያንስ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከተቻለ በቀን ከ25 ግራም በታች ይሁን ይላል። በአንድ ቀን አትቁረጪው። በየሁለት ሳምንቱ ከእያንዳንዱ ሻይ ላይ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ፤ ምላስ ይለምዳል። ከሦስት ወር በኋላ የድሮውን ሻይሽን ብትቀምሺው ጉሮሮሽን ይዘጋዋል።

እግርን በተመለከተ፣ ጂም ግቢ አልልሽም። ከኮተቤ ወደ ሜክሲኮ ስትሄጂ ስታዲየም ላይ ውረጂና በለገሃር በኩል በእግርሽ ግቢ። መጠነኛ ፈጠን ባለ እርምጃ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን 100 ደቂቃ ይሆናል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግርሽ 25 ደቂቃ ደርሰሽ 25 ደቂቃ ተመለሺ፤ 150 ሞላ። ይህ ቁጥር ከኪሴ አልወጣም። በአሜሪካ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። አንደኛው ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደገፈ። ከዚህ ቡድን ውስጥ በስኳር በሽታ የሚያዙት ሰዎች፣ ምንም መድኃኒት የሌለው ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ በ58 በመቶ አነሱ። ከ84 ኪሎ 7 በመቶ 6 ኪሎ አይሞላም። የአባትሽን ነገር ሳስብ ይህን ቁጥር ግድግዳሽ ላይ ብትለጥፊው ደስ ይለኛል፤ ስድስት ኪሎ። ሠላሳ አይደለም።

አማትሽን በሚመለከት ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ሁሉን ነገር አስተካክሎ የሚሰናከለው ማዕድ ላይ ነውና። «ብዪ በሞቴ» የሚሉሽ ክፉ አስበው አይደለም። እሳቸው ባደጉበት ጊዜ የምራት ሙላት የቤቱ ጥጋብ ምስክር ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔም በሥራ ላይ ሆኜ ያየሁት መራራ ዘመን መጣ። ኤች አይ ቪ መድኃኒት ባላገኘበት ጊዜ ሰው ሲከሳ ጎረቤት ያንሾካሹክ ነበር፤ የከሳን ሰው ያየ ሁሉ መጨረሻውን ያይ ነበር። አልጋቸው ሥር ተቀምጬ በማንኪያ ያጎረስኳቸውን ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ አልረሳም። በዚያ ዘመን ልጅ የቀበረ ቤተሰብ ባለበት አገር ሰው ሲከሳ «ምን ሆነሽ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ አይፈረድም። ስለዚህ ማዕድ ላይ አትከራከሪያቸው። አንድ ከሰዓት ቡና አፍልተሽ አጠገባቸው ተቀመጪና ነገሩን ከሥሩ አስረጃቸው፤ አባቴ ስኳር አለባቸው፣ የእኔም ግፊት ጀምሯል፣ ልጄን ሳላሳድግ እንዳልታመም ፈራሁ በያቸው። ከዚያ የዘይቱን ጠርሙስ ለእሳቸው አስረክቢ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀዱት እሳቸው ይሁኑ። በክትትል ክፍላችን ይህን ያደረጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ቁልፉን የያዙ እናት ጠርሙሱን ከማንም በላይ ይጠብቁታል።

ጉርሻቸውንም አትመልሺ። «እማዬ፣ በጎመን አጉርሱኝ» በያቸው። ከትልቁ ትሪ አብሮ መብላትን አልነካብሽም፤ ግን ከትሪ ሲበላ ስንት እንደተበላ አይታወቅም። ምግቡ ሲቀርብ ግማሽ እንጀራ በፊትሽ አኑሪ፤ ጎመኑን፣ ፎሶሊያውን፣ ቀይ ሥሩን መጀመሪያ ብዪ፤ ግማሹ ካለቀ በኋላ ቡናው እስኪፈላ ጠብቂ። ያኔም ከራበሽ ጨምሪ። ጥጋብ ወደ አንጎል ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ የእኛ ቡና ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስል ሳይቸኩል ይፈላል። በጾም ወቅት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ራቡ ሲጠና ሳምቡሳው እንዳያሸንፍሽ መሳቢያሽ ውስጥ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎና አንድ ሙዝ ይኑር።

ይህ ሁሉ መቼ ልማድ ይሆናል? የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ሰዎችን አንድ አዲስ ልማድ አስጀምረው በየቀኑ ተከታትለዋቸው ነበር። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ ለአንዳንዱ 18፣ ለአንዳንዱ ደግሞ 254። ሌላም ያገኙት ነገር አለ፤ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። ይህን በደንብ ያዢው። ማክሰኞ ሳትሄጂ ከቀረሽ ረቡዕ ሂጂ፤ እስከ ሰኞ አትጠብቂ። «ከሰኞ ጀምሮ» የምትለው ቃል ስንቱን ሰው ከሐሙስ እስከ እሑድ ከልክ በላይ እንዳበላች አይቻለሁ።

አሁን ቀኑን ቁጠሪ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ብትጀምሪ 66ኛው ቀን የሚውለው ከፋሲካ በኋላ በአሥረኛው ቀን ነው። ፈተናው እዚያ ላይ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና አርብ አይጾምም፤ ዘመድ ይጠራራል፣ በየቤቱ ዶሮ ይወጣል፣ የሳምንቱ ፍሬን ሁሉ ይለቀቃል። ዓምና የመለስሽው 11 ኪሎ ውስጥ የእነዚህ 50 ቀናት ድርሻ ቀላል አይመስለኝም። ስለዚህ ነው ሦስቱን ነገሮች ከጾሙ ጋር ያላሰርኳቸው። ጠርሙሱ ቅዳሜን፣ መንገዱ የሥራ ቀንን፣ ማንኪያው ሻይን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ፋሲካ ሲመጣ አይቋረጡም። የፋሲካን ዶሮ በደስታ ብዪ። ከማግሥቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚገባው ቅቤ ግን ከጠርሙሱ ላይ ይቀነሳል፤ አራት ማንኪያ ቅቤ ከገባ አራት ማንኪያ ዘይት ይቅር።

ሚዛን በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ቤት ውስጥ ሚዛን ከሌለሽ፣ ስታዲየም ስትወርጂ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። አንዱን ልጅ ደንበኛ አድርጊው፤ ሁልጊዜ አርብ ጠዋት፣ ሁልጊዜ በዚያው ሚዛን ላይ። ሚዛን ከሚዛን ይለያያልና መቀያየር ያሳስትሻል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው፤ አንዳንድ ሳምንት ምንም አይወርድም። የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝተሽ ወገብሽንም በወር አንድ ጊዜ ለኪ፤ በሴት ከ88 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ለስኳርና ለልብ ሕመም ይበልጥ ያጋልጣል። ሚዛኑ ባለበት ቆሞ ወገቡ የሚቀንስበት ወር አለ።

ከመጀመርሽ በፊት የደም ግፊትሽን በድጋሚ ተለኪ፤ በባዶ ሆድ የስኳር ምርመራም አድርጊ። የታዘዘልሽ መድኃኒት ካለ ክብደት ቀነስኩ ብለሽ በራስሽ አታቁሚ። አባትሽም ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ስኳር በጾም መሐል በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ስልክሽ እጄ ላይ አለ። ለጰራቅሊጦስ ሳምንት እደውልልሻለሁ።

ጥያቄ፦ «በቨርጂኒያ የምኖር የ52 ዓመት ሰው ነኝ። ከምሽት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሰው እያመላለስኩ እሠራለሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ሸፍና ያስቀመጠችልኝን እንጀራ በጥብስ በልቼ ወዲያው እተኛለሁ። ክብደቴ 220 ፓውንድ ነው። ሐኪሜ የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ 6.1 እንደሆነና ወደ ስኳር በሽታ እየተጠጋሁ እንደሆነ ነግሮኛል። ለስፖርት ጊዜ የለኝም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ምርመራ ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው መጠን ማስጠንቀቂያ ነው፤ 6.5 ሲደርስ የስኳር በሽታ ይባላል። እርስዎ ገና መመለስ የሚቻልበት ቦታ ላይ ነዎት። ከላይ ለእህታችን የጠቀስኩት ጥናት የተደረገው እርስዎ ባሉበት አገር፣ እንደ እርስዎ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ለእርስዎ 7 በመቶ 15 ፓውንድ ያህል ነው።

ዋናውን ምግብዎን ወደ ፊት ያምጡት። ያን እንጀራ በጥብስ ከሥራ በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ቁጭ ብለው ይብሉት። ሰውነት በሌሊት የበላውን ስኳር እንደ ቀን አድርጎ አያስተናግድም፤ በዚያ ላይ በልተው ወዲያው ይተኛሉ። ለእኩለ ሌሊት ከቤት የተቋጠረ ምሳ ዕቃ ይያዙ፤ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ግማሽ እንጀራ። ዘጠኝ ሰዓት ሲገቡ ከራብዎት ያልጣፈጠ እርጎ ወይም አንድ ኩባያ የምስር ሾርባ ይበቃል። ስለ እንጀራው ካነሣሁ አይቀር፣ በውጭ አገር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጤፍ ብቻ አይደለም፤ የስንዴና የገብስ ዱቄት ይገባበታል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ባለቤትዎ ያቺን ሳህን ሸፍነው የሚያስቀምጡት ስለሚያስቡልዎ ነው፤ ሳይነግሩዋቸው ሳህኑን ሳይነኩ ቢተኙ ይከፋቸዋል። አስቀድመው ይንገሯቸውና ምሳ ዕቃውን አብረው ይቋጥሩ።

የስፖርት ጊዜ የለኝም ላሉት፣ የመጠበቂያ ጊዜ ግን አለዎት። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ሞተሩን እንዳጠፉ ከመኪናው ይውረዱ፤ ስልክዎን ከመክፈትዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይራመዱ። ሞተር ጠፋ ማለት መራመድ ማለት ይሁን። በሌሊት ለንቃት የሚጠጡት ጣፋጭ መጠጥ ካለ በውሃና ስኳር በሌለው ቡና ይተኩት። መኝታ ቤትዎ ላይ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ይስቀሉ፤ እንቅልፍ ያነሰው ሰው በማግሥቱ የምግብ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ ይህን የሌሊት ተረኛ በነበርኩባቸው ዓመታት በራሴ ላይ አይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ «የ22 ዓመት ተማሪ ነኝ። ቁመቴ 1.65፣ ክብደቴ 57 ኪሎ ነበር። ቦርጭ ያጠፋል የተባለ ሻይና እንክብል ገዝቼ በአሥር ቀን 4 ኪሎ ቀነስኩ። ነገር ግን ተቅማጥ አለኝ፤ ልቤም በጣም ይመታል። ልቀጥል?»

መልስ፦ ልጄ፣ አትቀጥዪ። ዛሬውኑ አቁሚ።

57 ኪሎ ለቁመትሽ ጤናማ ክብደት ነው፤ የምትቀንሺው ነገር አልነበረሽም። በአሥር ቀን የሄደው 4 ኪሎ በአብዛኛው ውሃ ነው። እንዲህ ያሉት ሻዮች ብዙ ጊዜ ሰናመኪ የመሰለ የሚያስቀምጥ ቅጠል አላቸው። ተቅማጡ ውሃውን ብቻ ሳይሆን ልብ በሥርዓት እንዲመታ የሚያስፈልገውን ፖታሲየም ይዞ ይወጣል። እንክብሉ ይበልጥ ያሰጋኛል። ሲቡትራሚን የተባለው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ በኋላም ግን «ከተፈጥሮ ቅጠል ብቻ የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ እንክብሎች ውስጥ በምርመራ ተገኝቷል። የአንቺ ውስጥ ምን እንዳለ ከማሸጊያው ላይ ማወቅ አይቻልም።

ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ በአቅራቢያሽ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ፤ የልብ ምትሽን ይለኩ፣ የደም ምርመራም ያድርጉልሽ። ተቅማጡ እስኪቆም ኦ አር ኤስ በጥብጠሽ ጠጪ። ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ብቻሽን አትሂጂ፤ ሰው ያድርስሽ። የሻዩን ካርቶንና የእንክብሉን ዕቃ አትጣዪ፤ ይዘሽው ሂጂ፣ ለሐኪሙ አሳዪው።